ለሻጋታ የሰጠሁት ምራቂ

አባቴ መርካቶ፣ በርበሬ ተራ ሱቅ ነበረው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የበርበሬ በሽታ እንደማጠና ስነግረው፣ «መሸጡ ያስጠላሽ ልጅ፣ ልታሳምሚው ነው የተማርሽው?» አለኝ። ቀልዱ ውስጥ ግን ቁርጥ ነገር ነበረ። ክረምቱ ሳይወጣ የመመረቂያ ሥራዬን ካልጨረስኩ ትምህርቱ ቀርቶ ሱቅ እንደምገባ ደጋግሞ ነግሮኛል።

ሥራው ለወሬ ቀላል ነው። ከታመመ ቃሪያ ላይ የወሰድኩትን ሻጋታ በሳህን አሳድጌ፣ ስፖር የሚባለውን ዘሩን ሰብስቤ ችግኞቼ ላይ መርጨት፤ ከዚያ የትኛው ዝርያ በሽታውን እንደሚቋቋም ማየት። ሻጋታውማ አደገ፤ የተነደፈ ጥጥ መስሎ ሳህኑን ሞላው። በማይክሮስኮፕ ሳየው ግን አንድም ስፖር የለም። ደግሜ ዘራሁ፣ አሁንም ባዶ። ያኔ መብራት በፈረቃ ስለነበር ሁሉ ነገር በሩጫ ነው፤ ችግኞቹም ዕድሜያቸው ሊያልፍ ነው። አማካሪዬ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ሁለት ሳምንት እሰጥሻለሁ፤ ካልሆነ ለዘንድሮ በቃ» ብሎኝ ሄደ። እንቅልፍ አጣሁ፤ ሰው ቢያናግረኝ እቆጣለሁ።

የሻጋታውን ምግብ የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ፦ የድንች ቅቅል ውሃ፣ ስኳርና የሚያረጋው ዱቄት። አንድ ቀን ስኳሩን ስመዝን እጄን አየር ላይ ያዝኩት። ሚዛኑ ልክ ደርሶ ሳለ ማንኪያ ልጨምር ነበር፤ ለካ ሁልጊዜም እጨምር ኖሯል። አባቴ አንድ እፍኝ ምራቂ ሳይጨምር ለደንበኛ አስረክቦ አያውቅም፤ እኔም ሳላስበው ሻጋታን ምራቂ ሳበላ ከርሜያለሁ። የጠገበ ሻጋታ ደግሞ ይንሰራፋል እንጂ ዘር አያስጨንቀውም። ይህንን ተምሬዋለሁ፣ ለፈተናም ሸምድጄዋለሁ፤ እኔ ሞኝ።

ድንቹንም ስኳሩንም ቀንሼ ውሃ ውሃ የሚል ምግብ ሠራሁ፤ ሳህኖቹንም ብርሃን ያለበት መስኮት ላይ ደረደርኩ። ሻጋታው ሳሳ፣ ጫጨ። ገደልኩት ብዬ ስፈራ ሰነበትኩ። ቀጠሮው ሊያልቅ ሲል ግን መሃሉ ላይ ሮዝ ነገር ነጠብጠብ አለ። ማይክሮስኮፑ ሥር ሳየው ስፖሩ ይተራመሳል።

በርበሬ ተራ በረርኩ። አባቴ ኬሻ ላይ ተቀምጧል። «አባዬ፣ ተሳካልኝ፤ ሱቅ አልገባም» አልኩት።

«እሰይ፣ እሰይ የኔ ልጅ» አለና ወደ ሚዛኑ ጎንበስ አለ። ቀና ሳይል፣ «ታዲያ እኔን ማን ያግዘኝ ይሆን?» አለኝ።

ሱቅ ትገቢያለሽ ባለኝ ቁጥር የሚቀጣኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሲለምነኝ ነው የኖረው። ከጎኑ ተቀመጥኩና ሚዛኑን ያዝኩለት።