ሲጢጥ የማይል በር

በር ማስገጠም የፈለገ የሠፈሩ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያስበው እሱን ነበር። ሌላው አናጢ በር ይሠራል፤ እሱ ግን በር ዝም ያሰኛል ይባልለት ነበር። መዝጊያውን ከመቃኑ ላይ ከሰቀለ በኋላ የቤቱን ሰዎች አንድ አፍታ ጸጥ እንዲሉለት ይለምናል። ከዚያ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮውን ወደ ማጠፊያው አስጠግቶ፣ በአንድ ጣቱ ቀስ አድርጎ ይገፋዋል። የትንኝ ያህል እንኳ ሲጢጥ ካለ መልሶ ያወርደዋል፤ ማጠፊያውን ይፈታል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል፣ ቁራጭ ሻማ ይቀባል፣ እንደገና ይሰቅላል። ባለቤቶቹ «ኧረ ተወው፣ በር እኮ ነው፣ ሕፃን ልታስተኛበት ነው እንዴ» እያሉ ቢያሾፉበትም ወይ ፍንክች። ጨርሶ ሲሄድ በሩ እንደ መጋረጃ ይከፈታል።

የሥራ ጓደኞቹ፣ የሠፈሩ ሌባ ሁሉ አንተን ሳይመርቅ አያድርም ይሉታል። እሱም ፈገግ ብሎ ሥራውን ይቀጥላል።

በእንጨት ሥራ ቤቱ የሚጠራው ግን «ኮሽታ» እየተባለ ነበር። ኮሽ ባለ ቁጥር ይደነግጣላ። ከኋላው ጣውላ ዱብ ካለ ትከሻው ወደ ጆሮው ይሰበሰባል፣ ፊቱ አመድ ይመስላል። በመጀመሪያው ሰሞን ይህ የሥራ ቤቱ መዝናኛ ሆኖ ነበር። አንድ ቀን ግን ከመካከላቸው ቀልድ የሚያበዛው ሰው ባዶ የቀለም ጣሳ ከጀርባው ለቀቀበት። ኮሽታ ዞረ፤ በእጁ የነበረው መዶሻ ከቀልደኛው ጣቶች ጎን ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ጠረጴዛው ተሰነጠቀ። መዶሻውን መቼ እንዳነሣው፣ መቼ እንዳወረደው እሱ ራሱ አላወቀም። ሰው ሁሉ የተሰነጠቀውን ሲያይ እሱ እጁን ያይ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሥራ ቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው ሽማግሌ፣ «ከዚህ ልጅ ጀርባ ዕቃ የሚጥል ሰው፣ ዕቃውን አንሥቶ በዚያው ወደ ቤቱ ይሂድ» ብለው ቁርጡን ነገሩ። ቀልዱም በዚሁ ቀረ።

ያደገበት ቤት ሁለት ክፍል ነበረው፣ የውጭ በሩ ግን አንድ ነው። ያ በር ደግሞ ይናገር ነበር። አባቱ ከመጋዘን ሥራቸው ሲመለሱ በሩ እየተጎተተ ረዘም አድርጎ ሲጢጥ ካለ በሰላም መጥተዋል ማለት ነው፤ ከኮታቸው ኪስ ከረሜላ ሊወጣ ይችላል። ድምፁ አጥሮ ድንገት ከተቆረጠ ግን የሚገቡበትን ጉድጓድ መፈለግ ነው። ልጁ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ያን ድምፅ ማንበብ ተማረ። የእሱ ጉድጓድ ቁምሳጥኑ ነበር። በእናቱ ቀሚሶች መካከል ይቆምና ትንፋሹን እየቆጠበ ያዳምጣል። ወንበር ይወድቃል። ሳህን ይሰበራል። ከዚያ የእናቱ ዝምታ ይመጣል። ከሁሉ የከፋው ዝምታዋ ነበር።

ዛሬ አባቱ ሞተዋል፣ እናቱም ተከትላቸዋለች፤ ቤቱም ፈርሶ ሌላ ሰው ሌላ ቤት ሠርቶበታል። በሩ ግን አልፈረሰም። ከጆሮው ውስጥ እንደ ተሰቀለ ነው።

ሲያገባና የራሱን ቤት ሲይዝ መጀመሪያ ያደረገው ነገር በሮቹን ሁሉ አውርዶ እንደገና መስቀል ነበር። ሴት ልጅ በተወለደችለት ጊዜም ለራሱ አንድ ቃል ገባ፤ ይቺ ልጅ የበር ጩኸት ሳትሰማ ታድጋለች አለ። ቃሉንም ጠበቀ። እጁን አላነሣባትም፣ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገባትም። በእግሩ ጣት የሚሄድ አባት ነበር።

የሆነ ሆኖ ነገሩ አልተወውም። ጀርባውን ለግድግዳ ካልሰጠ ምግብ አይወርድለትም። ልቡ ያለ ምክንያት ይደልቃል። ሐኪም በመሣሪያ አይቶት፣ ልብህ ምንም አልሆነም ብሎ ሸኘው። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ይህን ስትሰማ፣ «ልብህ ምንም ካልሆነ፣ ሌሊቱን ሙሉ ደረትህ ውስጥ እንጨት የሚፈልጠው ማነው ታዲያ?» አለችው። ሁለቱም ሣቁ። ሐኪሙ ሌላም ነገር ብሎት ነበር፤ ከጤና ጣቢያው ግቢ በስተኋላ ባለችው ክፍል ሰዎችን በንግግር የምትረዳ ነርስ አለችና ብታያት ብሎታል። እሱ ግን ለሚስቱ አልነገራትም፣ ወደ ነርሷም አልሄደም። የሚያወራው ነገር ያለው አልመሰለውም።

ቤት ውስጥ ብርጭቆ ሲወድቅ ፊቱ እንደ መስኮት ይዘጋል። ተነሥቶ ጓሮ ይወጣና እዚያ የተጋደመ ግንድ ላይ ይቀመጣል። ስላልተቆጣ፣ ልጅቷ ምንም ያየች አይመስለውም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሥራ ቤቱ መብራት ጠፋና መጋዙ ቆመ፤ ጋሼም ሠራተኛውን አሰናበቱ። ኮሽታ ገና ፀሐይ ሳለች ቤቱ ደረሰ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ተመልሳ በክፍሏ ውስጥ ነበረች። ደስ ሊያሰኛት ፈልጎ በሩን እንደ ልማዱ ቀስ አድርጎ ገፋው።

ከበሩ ኋላ የሆነ ነገር ተንኮታኮተ። ቆርቆሮ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለ፤ አንድ ሺ ትንንሽ ነገር ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

ወደ ራሱ ሲመለስ በአልጋውና በግድግዳው መካከል ተኮራምቶ፣ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጭኖ ራሱን አገኘው። ልጁ ከፊቱ ቆማለች። አላለቀሰችም። ፊቱን እያጠናች ነበር፤ ሰማዩ ይዘንብ እንደሆን የሚያይ ሰው እንደሚያጠና። በዙሪያዋ የልብስ ቁልፎች ተበትነዋል፤ ነጭ፣ ጥቁር፣ የኮት፣ የሸሚዝ። እናቷ የልብስ ቁልፍ የምታጠራቅምበት የብስኩት ቆርቆሮ በአፉ ተደፍቷል።

«ምንም አይደል፣ እማዋ» አላት። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

አብረው ለቀሙ። በኋላ ቆርቆሮው ከበሩ ኋላ እንደ ነበር ለሚስቱ ነገራት።

ሲመሽ ሚስቱ ልጅቷን እያስተኛች ሳለ፣ ቆርቆሮውን ለምን እዚያ እንዳስቀመጠችው ስትጠይቃት ከመተላለፊያው ሆኖ ሰማ። መስማት አልፈለገም፤ እግሩ ግን አልንቀሳቀስ አለው። በሩ ገርበብ ብሏል።

«አባዬ ሲመጣ አይሰማም» አለች ልጅቷ። «ቀና ስል አጠገቤ ቆሞ አገኘዋለሁ። በየትኛው ፊቱ እንደመጣ ቀድሜ ማወቅ ነው የምፈልገው።»

«አባትሽ ተቆጥቶሽ ያውቃል እንዴ?»

«አያውቅም» አለች። «ግን ሁልጊዜ ሊቆጣ ነው የሚመስለኝ።»

ያን ጊዜ ነው ከየት መጣ የማይባል የዘይት ሽታ አፍንጫውን የመታው። መተላለፊያው ውስጥ ዘይት አልነበረም። ሽታው የዚያ ያደገበት ቤት ሽታ ነበር። እናቱ በርጩማ ላይ ቆማ፣ ቁራጭ ጨርቅ የምግብ ዘይት ውስጥ እየነከረች የበሩን ማጠፊያ ስትቀባ አያት። የበሩ ድምፅ በመጣ ቁጥር ልጇ ሲንቀጠቀጥ ማየት አንጀቷን በልቷት ነበር። «አሁን አይጮህም፣ አትፍራ የኔ ጌታ» አለችው። በማግስቱ ወለሉ ላይ የክር እንዝርት እያንከባለለ ሲጫወት ቀና አለ፤ አባቱ ከበላዩ ቆመዋል። በሩ ምንም አልነገረውም።

እዚያው መተላለፊያው ውስጥ ቆሞ የግራ እጁን ትንሿን ጣት አየ። ተጣማለች። ሰው ሲጠይቀው ከዛፍ ወድቄ ነው ይል ነበር፤ ከመናገሩ ብዛት እሱም አምኖት ኖሯል። ዛፍ የሚባል ነገር በዚያ ግቢ አልነበረም።

እናቱ ያደረገችውን ነው እሱም ያደረገው። እሷም ልጇን ወዳ፣ እሱም ልጁን ወዶ በሩን ዝም አሰኙት።

ነርሷ ዘንድ የሄደው በዚያው ሳምንት ነው። ብዙ አልጠየቀችውም፤ እየጠበቀች ታስወራው ነበር። ሲጨርስ ቀስ ብላ አስረዳችው። የልጅ አእምሮ የሚሠራው ባገኘው ነገር ነው፤ ፍርሃት ሲበዛበት ፍርሃትን የሚጠብቀው ክፍል ከሌላው ሁሉ ቀድሞ ይጎለምሳል፤ አደጋው ካለፈ በኋላም ማለፉን የሚነግረው ስለሌለ ዘብ ላይ እንደቆመ ይቀራል አለችው። ይህ የእሱ ጥፋት እንዳልሆነም አከለችበት።

ኮሽታም፣ ነፋስ ሲመታው ያደገ እንጨት እንዳለ ነገራት። ሲያዩት ቀጥ ያለ ነው፤ ሲሰነጥቁት ግን ያ የተጠራቀመ ነፋስ ይወጣና መጋዙን ነክሶ ይይዛል።

«ታዲያ ምን ታደርጉታላችሁ፣ ትጥሉታላችሁ?» አለችው።

«አይ፣ አይጣልም፣ ሲስተር። እያሳረፉ ነው የሚሰነጥቁት።»

በቀጠሮ እንዲመላለስ ተስማሙ። አሁን የቀረው የቤቱ ሥራ ነበር።

በዕረፍት ቀኑ ልጁ እያየችው የክፍሏን በር አወረደ። ማጠፊያዎቹን ፈታ፤ ሻማውን በጋዝ አጥቦ፣ በጨርቅ ጠርጎ፣ ደረቅ አደረጋቸው። ዕድሜውን በር ዝም ሲያሰኝ የኖረ ሰው በር ማስጮህ ምን ያህል እንደሚከብድ ያን ዕለት ዐወቀ። ቢሰቅለው ዝም አለ። እንደገና አውርዶ መቃኑን በጥቂቱ አጣመመው። ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ላይ ቀና ብላ፣ ይህን ደንበኞችህ እንዳያዩ አለች።

በሦስተኛው ሲሰቅለው ልጁን ጠራት። እንደ ልማዱ ዐይን ጨፍኖ የሚያዳምጠው ሰው ግን እሱ አልነበረም።

«ዐይንሽን ጨፍኝና ስሚ፣ እማዋ። እኔ ስመጣ ይህን ትሰሚያለሽ።»

ወደ ውጭ ወጣና ዘጋው። እጁን እጀታው ላይ አድርጎ ቆመ። ገፋው። በሩ እየተጎተተ፣ ረዘም አድርጎ ሲጢጥ አለ። ጀርባው ላይ ያለው ፀጉር ሁሉ ቆመ። ለአፍታ፣ ከበሩ በዚህ በኩል የቆመው እሱ ይሁን አባቱ አላወቀም። መቃኑን የያዘችው የግራ እጁ የተጣመመች ጣት ናት የማን እጅ እንደሆነ የነገረችው።

«መጣሁ» አለ።

ልጅቷ ዐይኗን ገለጠች። ፊቱን አየችው፤ ላብ የወረደበት፣ ግን ክፍት ፊት ነበር።

«ፈርተሃል እንዴ?» አለችው።

«አዎ» አላት። ይህን ቃል ለማንም ተናግሮ አያውቅም ነበር።

አሁንም ቀኑን ሙሉ የሰው በር ዝም ሲያሰኝ ይውላል። ማታ ወደ ልጅቷ ክፍል ሲገባ ያ በር ይጮህበታል፣ ልቡም በየጊዜው ዱብ ይላል፤ አልለመደውም፣ ይለምደው እንደሆነም አያውቅም። የብስኩት ቆርቆሮው ከልጅቷ ክፍል አልወጣም። ማንም አላነሣውም፤ እሱም አንሺው አላላትም። ትናንት ገብቶ ሲያይ ግን ከበሩ ኋላ ወደ ግድግዳው ጥግ ተገፍቶ አገኘው። እንደ ድሮው ሊንኮታኮት አይችልም፤ ግን እጅ ቢዘረጋ የሚደረስበት ቦታ ላይ ነው።