ትንፋሽ ያጠረው ፈረንሳይኛዬ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት... ሞጆ ያለው ቢሯችን ውስጥ በር ዘግቼ ተቀምጫለሁ። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ነው። አንዲት ፈረንሳዊት እስክትደውልልኝ እየጠበቅኩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምሠራው ትራንዚት ቢሮ ውስጥ ነው። ቢሯችን በቅርቡ አንድ የፈረንሳይ ደንበኛ አገኘና በቋንቋቸው የሚያናግራቸው ሰው ተፈለገ። እኔ ደግሞ ፋይል ታቅፎ ጉምሩክ ደጃፍ መንከራተት አንገሽግሾኛል። «እኔ አለሁ» አልኩ። ፈተናው በስልክ ነው። ካለፍኩ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እሠራለሁ፣ ከወደቅኩ ከአዲስ አበባ ሰው ይመጣና እኔም ወደ ፋይሌ።

ፈረንሳይኛውን የተማርኩት በስልኬ ነው፣ ከናዝሬት ሞጆ ስመላለስ ሚኒባስ ውስጥ። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አነበንባለሁ። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጡ እናት ቀስ ብለው «አሜን... አሜን» ማለት ጀመሩ። በልሳን የምጸልይ መስሏቸዋል። ስወርድ «ልጄ፣ እኔንም በጸሎትሽ አስቢኝ» አሉኝ። «ፍሪጁ ኩሽና ውስጥ ነው» ስል እንደነበር በምን አፌ ልንገራቸው? «እሺ እማማ» ብዬ ወረድኩ።

ወደ ማክሰኞ ልመለስ። ስልኩ ጠራ። ማዳም ድምጿ ለስላሳ ነው። ስሜን ጠየቀች፣ መለስኩ። የት እንደምኖር ጠየቀች፣ መለስኩ። በራሴ ኮራሁ። ከዚያ ስለ ሥራው ረጅም ማብራሪያ ጀመረች...

መቼም እኛ ሰው ሲያወራ እየሰማን መሆናችንን እንዴት እንደምናሳይ ታውቃላችሁ። አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «ኧህ» የምንላት አዎ አለች አይደል? እኔም ላለማቋረጥ ብዬ እሷ ባረፈች ቁጥር «ኧህ»።

ማዳም ድንገት ማብራሪያዋን አቋረጠች። ቀጥላ በጭንቀት አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ሬስፒሬ» የምትል ቃል ብቻ ያዝኩ። የ«ሬስፔክት» ዘመድ መሰለችኝ። ሰው ታከብሪያለሽ ወይ ያለችኝ መስሎኝ በሙሉ ልብ «ኧህ» አልኳት።

አሁን ንግግሯ ፈጠነ። «አፔል» የምትል ሰማሁ። ይቺን አውቃታለሁ፣ «ስሜ እንዲህ ይባላል» ለማለት የመጀመሪያው ቀን የምንማራት ናት። ስሜን ልታረጋግጥ ነው ብዬ «ኧህ... ኧህ»።

ስልኩ ተዘጋ።

ወዲያው አለቃዬ ጋሽ ታደሰ በሩን በርግደው ገቡ። በአንድ እጃቸው ውሃ፣ በሌላው ስልክ ይዘዋል።

«ምን ሆንሽ አንቺ ልጅ?»

«ኧረ ምንም አልሆንኩም ጋሼ።»

«ማዳም መስመር ላይ ናት፣ ትንፋሽ አጥሯታል ትላለች እኮ። መተንፈስ ያቅትሻል ወይ ብላት፣ ሰው ልጥራልሽ ወይ ብላት፣ መልስ መስጠት እንኳን አልቻለችም እያለች ነው።»

ያኔ ገባኝ፤ ለካ «ሬስፒሬ» መተንፈስ፣ «አፔል» መጥራት ኖሯል። አፈርኩ። ያ ሁሉ የሚኒባስ ልፋቴ በትንፋሽ ሊቀር ነው ብዬ እንባዬ መጣ። ጋሽ ታደሰ ግን «ተይ፣ እኔ አስረዳታለሁ» አሉና ስልኩን ላውድ ላይ አደረጉት። እሳቸው ፈረንሳይኛ አያውቁም፣ በእንግሊዝኛ ነው የሚግባቡት።

«ልጅቷ ደህና ናት?» አለች ማዳም።

ጋሽ ታደሰ ረጋ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁና...

«ኧህ።»



«እርስዎንም ጀመረዎት?» አለች ማዳም።

ሳቄ አመለጠኝ። ጋሽ ታደሰ ላብ በላብ ሆነው «ይሄ በአገራችን አዎ ማለት ነው» እያሉ ብዙ አስረዱ። ማዳም በትሕትና «ገባኝ፣ ገባኝ» አለች። ድምጿ ግን የገባው ሰው ድምፅ አይመስልም።

በማግስቱ መልሷ መጣ። የልጅቷ ፈረንሳይኛ ጥሩ ነው፣ ሥራው የእሷ ይሁን... ግን ያ ቢሮ አየር ያንሰዋልና እባካችሁ አንድ ነገር አድርጉለት።

ይኸው ዛሬ አዲስ ወንበሬ ላይ ሆኜ፣ የአዲስ ቬንትሌተር ንፋስ እየመታኝ ነው የምጽፍላችሁ። በጋ በመጣ ቁጥር በአማርኛ ለምነን እምቢ የተባልነውን ቬንትሌተር፣ አንድም የፈረንሳይኛ ቃል ሳልተነፍስ አስገዛሁት።