ሌባሻይ የሆነብኝ የመቶ አለቃው ውሻ

ትናንት ጠዋት አንድ ውሻ ሊያሰቅለኝ ነበር... ነክሶኝ አይደለም። ወዶኝ ነው።

የቄስ ትምህርቱን ዳዊት ሳልደግም ነው የተውኩት፤ መምሬ ሊገርፉኝ ሲሉ አለንጋቸውን ቀምቼ ሰበርኩት። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ቡሬ የሰፈረውን የጣሊያን መቶ አለቃ ውሻ መጠበቅ ነው። ወርቅማ ጸጉር፣ የታጠፈ ጆሮ፣ ሰው ባየ ቁጥር ጅራቱን የሚቆላ ሞኝ።

ትናንት መቶ አለቃው ለሥራ ከቡሬ ወጥቷል። ውሻውን ፈጣም ወንዝ ላጥበው ስወርድ በመንደሩ ጭቃ ሹም ደጅ ሰው ተሰብስቧል። ጭቃ ሹሙ ለጣሊያን የገቡ ናቸው። ዝናራቸው ከነጥይቱ ጠፍቶባቸው ሌባሻይ አስጠርተዋል። ያው ታውቁታላችሁ... መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ አንዱ እግር ሥር ይወድቃል፤ የወደቀበት ሰው ሌባ ነው። ይግባኝ የለም።

ልጁ ገና ሳይጠጣ ውሻው ከእጄ አመለጠ። ጎተራው ሥር ገባና እዚያ የወደቀውን ዝናር በአፉ አንጠልጥሎ ወጣ... ሰዉን ሁሉ አልፎ እኔ እግር ሥር አስቀመጠው።

«ውሻው ፈረደ» አሉ ጭቃ ሹሙ። «እሰሩት። ጥይት የሰረቀው ለሽፍታ ሊያቀብል ነው። ነገ ጣሊያኖቹ ይሰቅሉታል።»

እጄን የፊጥኝ አሰሩኝ።

«ጌታዬ፣ ሌባሻይ አይደለም፣ ዘሩ ነው» አልኩ። «ሪትሪቨር ይሉታል። የመቶ አለቃው አስተርጓሚ ነው የነገረኝ። እስኮትላንድ የሚባል ብርዳም አገር አንድ ባላባት ቢጫ ውሻውን ውሃ ውስጥ ከሚዋኝ ውሻ ጋር አዳቅሎ አወጣው። ተተኩሶ ረግረግ ውስጥ የወደቀ ዳክዬ ዋኝቶ ያመጣል። አይነክሰው፣ አይበላው... የወደቀ ነገር ካየ ካላነሳ አያርፍም።»

አያ ታከለ፣ የሰፈሩ ሽማግሌ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሥጋ በአፉ ይዞ የማይበላ ውሻ... ልጄ፣ ሲዋሹም እኮ ልክ አለው።»

ደሜ ፈላ። «እንቁላል ስጡት። ከሰበረው ስቀሉኝ።»

ካልኩት በኋላ ትዝ አለኝ... ውሻው ከዋዜማው ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰም።

የጭቃ ሹሙ ሚስት እንቁላል አምጥተው መሬት ላይ አኖሩ። ውሻው አሸተተ። አፉ ውስጥ ከተተው። ለሃጩ ተንጠባጠበ... ቆሞ ያየኛል።

ከዚያ ዞረና ጅራቱን እየቆላ ሄዶ ጭቃ ሹሙ ጫማ ላይ አስቀመጠው።

አያ ታከለ ጎንበስ ብለው አነሱት፣ አገላብጠው አዩት። «ስንጥቅ እንኳ የለውም። እንግዲህ ጭቃ ሹም... ውሻው ሌባሻይ ከሆነ፣ እንቁላሉን የሰረቁት እርስዎ ነዎት።»

ጭቃ ሹሙ ሰዉን አዩ፣ ሚስታቸውን አዩ። «ፍቱት» አሉ።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ብሄድ ምን ነበረበት... ግን ገመዱ የላጠው እጄ ያቃጥለኛል።

«አፉ የገባውን የማይበላ ውሻስ አየን» አልኩ። «ጌታዬ፣ እንዲህ ያለ ሹም ደግሞ እግዜር መቼ ያሳየን ይሆን?»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው አልሳቁም።

«መልሳችሁ እሰሩት።»

ሠላሳ ጅራፍ። ይኸው በእሳቸው በረት ውስጥ ከጥጆች ጋር ተዘግቶብኝ፣ በሆዴ ተኝቼ ነው የማወራችሁ። መቼ እንደሚከፍቱልኝ የነገረኝ የለም። ውሻው ከበሩ ውጭ ተጋድሟል።

እሱስ አፉን መግራት ከአያቶቹ ወረሰ... የኔ አያቶች ምን ሲሠሩ እንደነበር እንጃ።