የተፋቀው ገጽ

የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት፣ እዚህ ሞጣ ለማስተምርበት ትምህርት ቤት ያረጁ መጻሕፍት በካርቶን ላከልን። ባለፈው ሳምንት አንዱን ገለጥኩና ደርቄ ቀረሁ። የሽፋኑ ውስጥ ተፍቋል፤ በተፋቀው ላይ የአባቴ የእጅ ጽሑፍ በቀይ ቀለም አለ። የረጠበው ካርቶን ሽታ አፍንጫዬ ላይ እያለ፣ ባደግኩባት ቢቸና፣ እቤታችን በረንዳ ላይ የቆምኩ መሰለኝ።

የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። መጽሐፉን ተውሼ ለዕረፍት ይዤው መጣሁ። ቤተ መጻሕፍቱ በየመጽሐፉ ሽፋን ውስጥ የባለቤትነት ምልክቱን ይለጥፍ ነበር፤ ፀጉሯ እባብ የሆነ፣ ዓይኗ የፈጠጠ ሴት ራስ፣ ከሥሯ የዩኒቨርሲቲው ስም በእንግሊዝኛ። በግሪኮች አፈ ታሪክ እሷን ያየ ድንጋይ ይሆናል። ሌባ ታስፈራራልን ብለው ነው።

አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ የደብሩን መጻሕፍት የሚጽፉና የሚጠግኑ። ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ፣ ፀሐይ እየሞቁ፣ ብራና በሚፍቁበት ካራ ሥዕሉን ጠርገው ጨርሰውታል። ብናኙ ጭናቸው ላይ ነጥቷል።

"ጠልሰም አስይዘው ላኩሽ?" አሉኝ። የአስማተኛ ክታብ መስሏቸው ነበር።

ክው አልኩ። የተበላሸ መጽሐፍ የመለሰ ተማሪ ዲግሪውን በቀላሉ አያገኝም። "አባባ፣ የፋቁት እኮ የባለቤቱን ስም ነው" አልኳቸው።

ካራው ከእጃቸው ወደቀ። ለካ የሳቸው ድንጋጤ ከኔ ይብሳል። ዕድሜ ልካቸውን በጻፉት መጽሐፍ ሁሉ ላይ የሰረቀውም የፋቀውም ውጉዝ ይሁን እያሉ ያሰፈሩት እሳቸው ናቸው። "በገዛ እጄ ራሴን አወገዝኩ" አሉ፣ ቀስ ብለው። በማግስቱ እሑድ፣ ማኅሌት የሚመሩት ሰው ከቅጽሩ ውጭ ቆመው አስቀደሱ። ባለቤቱ ሳይፈታኝ አልገባም አሉ። የዩኒቨርሲቲውን ስም መልሰው ጻፉና ከሥሩ "ባለማወቅ ፋቅሁት፤ ፍቱኝ" ብለው ሰጡኝ።

እኔ ግን ፈሪ ነበርኩ። መጽሐፉን ከሌሎች መሐል ሸጉጬ መለስኩ፤ ሠራተኛዋም የፊት ሽፋኑን ሳትገልጥ፣ መጨረሻው ገጽ ላይ የመመለሻ ማኅተሟን መታችልኝ። ከበሩ እንደወጣሁ ደወልኩና "ፈትተውዎታል" አልኳቸው። ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። "እግዜር ይስጥልኝ በያቸው" አሉ። በዚያ ውሸት ወደ ማኅሌታቸው ተመለሱ፣ በዚያው ውሸት አረፉ። ስንት ዓመት እንዳንገበገበኝ አትጠይቀኝ።

አሁን ከቀዩ ጽሑፍ በታች፣ የማላውቀው እጅ በሰማያዊ እስክሪብቶ እንዲህ ብሏል፤ "አባታችን፣ እግዚአብሔር ይፍታዎ።" ቀን ተጽፎበታል። ከመመለሻው ማኅተም ጋር አመሳከርኩት፤ ያው ቀን ነው።

ካርቶኑ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኬ ውስጥ "አባባ" የሚለው ቁጥር እስከ ዛሬ አልጠፋም። ልነግራቸው፣ ሳላስበው ደወልኩ።