በእህቴ የሕይወት ታሪክ ላይ የጻፍኩት

ሐሙስ ነበር። እህቴ ከጎንደር መጥታ፣ ደባርቅ ውስጥ እኔ የምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ቁጭ ብላለች። የደም ናሙና የምትይዝበትን የበረዶ ሣጥን እግሯ ሥር አስቀምጣዋለች። በማግስቱ ሊማሊሞን ወርዳ ቆላ ከሚኖሩ ሰዎች ደም ልትወስድ ነው። የደጋውን ከዳባትና ከደባርቅ ሰው ወስዳ ጨርሳለች። የእኔንም ወስዳለች።

እኔ እየተየብኩ ነበር። ወደ እኛ ቤት በብዛት የሚመጣው ሥራ የሕይወት ታሪክ ነው፤ ቀብር ላይ ከፍትሐት በኋላ የሚነበበው። ኮምፒውተሩ ላይ የተዘጋጀ ጽሑፍ አለን። የሟቹን ስም፣ የወላጆቹን ስም፣ የልጆቹን ብዛት እንቀይራለን። ሌላው አይነካም። እህቴ ከኋላዬ ቆማ አነበበችው።

«ወንድምዓለም፣ ያለፈው ሳምንት ሟችም ሩኅሩኅና ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ?»

«ሁሉም እንደዚያ ናቸው።»

«ክፉዎቹን የት ነው የምትቀብሯቸው ታዲያ?»

ስንስቅ አጎታችን ገባ። የእናታችን ወንድም ነው። የመሬት ደብተሩን ኮፒ ሊያስደርግ ነው የመጣው።

«እንዴት ነሽ ዶክተር!»

«ዶክተር አይደለሁም ጋሼ። ሁለተኛ ዲግሪዬንም ገና አልጨረስኩም።»

«ያው ነው። ግን ያ የምታጠኚው ምን ነበር? ባለፈው ነግረሽኝ ጠፋብኝ።»

ነገረችው። ለእሱ ስትነግረው ነው እኔም በደንብ የሰማሁት። ቀይ የደም ሕዋስ መቅኔ ውስጥ ነው የሚያድገው አለች። ሲጀምር እንደ ሌላው ሕዋስ ኒውክለስ አለው። እያደገ ሲሄድ አየር የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ይሞላል፤ በመጨረሻ ኒውክለሱን አውጥቶ ይጥለዋል። ይህ ሁሉ በተራ በተራው መሆን አለበት። አር ኤን ኤ የሚባለው ደግሞ የፕሮቲን መሥሪያ ትእዛዝ ይሸከማል። እሱን እኔም ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ምንም ትእዛዝ የማይሸከም፣ ፕሮቲን የማይሠራበት አር ኤን ኤም አለ። እሷ የምታጠናው ያንን ነው።

«ምንም የማይሠራውን?»

«ፕሮቲን አይሠራበትም እንጂ ሥራ አለው። የሌላውን ትእዛዝ ይዞ ያስቆማል። ደሙ እስኪያድግ፣ ይሄ ይብቃ፣ ያ ይቆይ ይላል።»

«እንግዲህ ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ሥራ ፈት ነው የምታጠኚው በይኛ!»

ከሁላችንም በላይ የሳቀችው እሷ ናት።

ዓርብ ጠዋት ሄደች። ሊማሊሞ ላይ ጭጋግ ነበር። የተሳፈረችበት ሚኒባስ ከመንገድ ወጣ። እኩለ ቀን ሳይሆን ስልክ ተደወለ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም። ሞክሬ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ግቢያችን በሰው ሞላ። ቀብሩ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ እንዲሆን ተወሰነ። አጎቴ እጄን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። ዓይኑ ቀልቷል።

«የሕይወት ታሪኳን አንተ ነህ የምትጽፈው። ሥራህ ነው። ዶክተር በል። ለደም ማነስ መድኃኒት ያገኘች በል።»

«አላገኘችም እኮ ጋሼ።»

«ማን ይጠይቅሃል? ሰው ይኩራባት ብዬ ነው። የኛ ልጅ ናት።»

እሺ አልኩት። እሱም እያለቀሰ ነበር፤ እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ቅዳሜ ሲነጋ ሱቁን ከፈትኩ። የተዘጋጀውን ጽሑፍ አወጣሁና ስሟን አስገባሁ። ከስሟ በፊት ዶክተር ብዬ ጻፍኩ። አየሁት። ደስ ይላል፤ አልዋሽም። ሰው ሲሰማው ምን እንደሚል ታየኝ።

ከዚያ ዳባት ላይ ያደረገችው ትዝ አለኝ። ሣጥኑን ተሸክሜ አብሬያት ሄጄ ነበር። መኪና አጥተን ፀሐይ ላይ ቆመን ቆየን፤ በረዶው ቀለጠ። የአንድ ሽማግሌ ደም ሞቀ፤ ከሞቀ ደግሞ ይበላሻል። ማንም አላየም፣ ዝም በይ አልኳት። «እኔ አይቻለሁ» አለችኝ። ናሙናውን አስወገደችው። ተመልሰን ሄድንና ሽማግሌውን «አባባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቢፈቅዱልኝ እንደገና ልውሰድ» አለቻቸው። እሳቸው እየሳቁ እጃቸውን ዘረጉላት።

ዶክተር የሚለውን አጠፋሁት። በዚያ ስም የሚቀበር ሌላ ሰው ነው። የእኔ እህት አይደለችም። ሩኅሩኅ የሚለውንም አጠፋሁ። ኮምፒውተሩን ትቼ ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ወሰድኩ።

ስለ አር ኤን ኤ ስደርስ እጄ ቆመ። ቀብሩ ላይ የሚሰማው አብዛኛው ገበሬ ነው። እሷ ብትሆን ታውቅበት ነበር። ብዙ ሰረዝኩ። በኋላ ስለ ገብስ አጨዳ አሰብኩ። ደቦ ላይ ማጭድ ያልያዘ አንድ ሰው አለ፤ ዘፈኑን የሚያወርደው። አንድ ዛላ አያጭድም። ግን አጫጁ የሚፈጥነው በእሱ ነው፤ ቆም የሚለውም በእሱ ነው። ይህን ጻፍኩ። በደማችን ውስጥ እንደዚህ ያለ አለ፣ እህቴ የምታጠናው እሱን ነበር አልኩ። በደጋ ሰውና በቆላ ሰው ደም ውስጥ መጠኑ ይለያይ እንደሆነ ልትለካ ነበር። አልጨረሰችም። ከቆላው ወገን አንድም ናሙና አልወሰደችም። ይህንንም ጻፍኩት። ትክክል ነዋ።

ፍትሐቱ እንዳለቀ ጠሩኝ። የሬሳ ሣጥኗ አጠገብ ቆምኩ። አጎቴ ፊት ለፊቴ ነው። ስሟን ስጠራ ዶክተር የሚለውን ይጠብቅ ነበር፤ ሲያጣው ቀና ብሎ አየኝ። ድምፄ ተሰበረ፣ ግን ማንበቤን አላቆምኩም። አልጨረሰችም የሚለው ላይ ስደርስ አጎቴ ነጠላውን ፊቱ ላይ ሳበ። ተቆጥቶ ይሁን አዝኖ አላውቅም። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ኮራሁ። የሠራችው ይህ ነው፤ ምንም አልጨመርኩበትም፣ ትልቅም ነበር።

ከኋላ አንድ አዛውንት በትራቸውን ከፍ አደረጉ።

«አንተ ልጅ፣ እኛ ዘንድ አልደረሰም። ምን ነበር ያጠናችው?»

አፍንጫዬን ጠረግሁ። ወረቀቱን ከፍ አድርጌ፣ ከላይ ጀምሬ፣ ጮክ ብዬ እንደገና አነበብኩት።