በር አያድግም

ለዚህ ቤት ነዋሪዎች፣ ለጎረቤቶቻቸው፣ በመንገዱ ለሚያልፉ እግረኞችና ደጃፋቸው ላይ ለተቀመጡም ጭምር ይታወቅ! ከዛሬ ጀምሮ በልብስ ሰፊው ቤት፣ ከስፌት ክፍሉ ወደ አማቱ መኝታ የሚያስገባው በር እጀታ እንዲቀየር ተወስኗል። ውሳኔውን ያሳለፉት ራሳቸው ልብስ ሰፊው ናቸው፤ ያጸደቁትም እርሳቸው፣ የሚያስፈጽሙትም እርሳቸው። ተቃውሞ ያለው ለባለቤታቸው ያቅርብ፤ እርሷም የራሷ የተጠራቀመ ተቃውሞ ስላላት ተራ ይዞ ይጠብቅ።

አዋጁ እዚህ ላይ ያብቃና ሰውየውን እንየው። ሲታይ አዋጅ የሚያስነግር ቁመና የለውም። ቀጭን ነው፤ አንገቱ ላይ ሜትር አንጠልጥሎ ይውላል፣ አንጠልጥሎ ይበላል፣ አንዳንዴም ረስቶት አንጠልጥሎት ይተኛል። ሰፈሩ የሚያውቀው «ያድግበታል» በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጣለት አፉ ነው። ለተማሪ ዩኒፎርም ሲለካ ሁለት ጣት ይጨምርና «ያድግበታል» ይላል፤ ይህ ደግ ነው፣ ልጅ ያድጋል። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ ለአዋቂም ይጨምራል። ከእንግዲህ ወደ ጎን ካልሆነ በቀር የማያድግ ጎልማሳ ሱሪ ሊያሰፋ ሲመጣ ሁለት ጣት ተጨምሮለት ይሄዳል። አንድ ሽማግሌ ኮታቸውን ሲለኩ እጅጌው ጣታቸውን ውጦ ቢያገኙት ያድግበታል አልደነገጠም።

«ያድጉበታል፣ አባባ።»

«ወዴት ነው የማድገው ልጄ? ወደ መቃብር?»

ሁለተኛው እምነቱ ክር ነው። በእርሱ ቤት ክር የማይጠግነው ነገር አልተፈጠረም። የወንበር እግር ሲላቀቅ ይሰፋዋል፤ የውሃ ጎማ ሲቀደድ ይሰፋዋል፤ የመጥረጊያ እጀታ ቢሰበር በድርብ ክር ጠምጥሞ «ከድሮው ይበልጣል» ይላል። የበሩ እጀታ መወላለቅ ሲጀምርም የወሰደው እርምጃ ይኸው ነበር፤ በቀይ ሪባን ጠቀለለው። እጀታው መወላለቁን አልተወም፤ ማማሩን ግን ማንም አልካደም።

ከዚያ በር ወዲያ የሚኖሩት አማቱ ናቸው። አማትና አማች አይጥና ድመት ናቸው የሚለውን ወሬ የሚያወራ ሰው እነዚህን ሁለቱን አላየም ማለት ነው። እነርሱ የሚጣሉት እንደ ሥራ ነው፤ በሰዓቱ ጀምረው በሰዓቱ ይጨርሳሉ። እርሳቸው በመስኮታቸው ብርሃን የሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ ይዘመዝማሉ፤ እርሱ መኪናው ላይ ተደፍቶ ይሰፋል፤ በሩ ክፍት ነው፣ ስድቡ ይመላለሳል።

«ይህ እጅጌ ለማን ነው? ለዝሆን ኩምቢ?»

«ያድግበታል፣ እማማ!»

«መስመርህ ጠሟል።»

«የጠመመውስ የእርስዎ መነጽር ነው።»

«መነጽሬን የሰፋኸው አንተ አይደለህ እንዴ?»

በሩስ? በሩ የራሱ ታሪክ አለው። አንድ የብርድ ወቅት አማቱ «በዚህ በር ንፋስ እየገባ ወገቤን ቆረጠኝ» ብለው ነበር። ያድግበታል ከሚስቱ ካፖርት የተረፈ ጨርቅና ስፖንጅ ሰበሰበና በሩን ከውስጥ በኩል እንደ ሶፋ ጀርባ አለበሰው፤ በየመሃሉም ቁልፍ ተከለበት። ብርዱ ቀረ። የውስጡን እጀታ በልብሱ ላይ መልሶ ሲያስር ግን ትንሽ ተቸግሮ ነበር። ሁለቱን እጀታዎች የሚያገናኘው ባለ አራት ማዕዘን ብረት በስፖንጁ በኩል ብቅ ያለው ለምልክት ያህል ብቻ ነው። አየው፣ ገፋ አደረገው፣ «ይበቃዋል» አለ። በዕድሜው ሁሉ ትርፍ ሳይጨምር «ይበቃዋል» ያለው ያን ቀን ብቻ ነው።

አልበቃውም። አንድ ጠዋት አማቱ ሊወጡ ሲሉ እጀታው መዳፋቸው ላይ ቀረ፤ በሩም ባለበት ቀረ። አንኳኩ። ያድግበታል መጋረጃ እየሰፋ ነበርና ኳኳታውን ሰማ። ሰማ፣ መኪናውን አቆመ፣ አሰበ፤ ከዚያም የስፌት መኪናው ታሟል ብሎ ፈረደና ዘይት አጠጣው። አማቱ ጠንከር አድርገው አንኳኩ፤ እርሱም ዘይት ጨመረ። «ኧረ የሰው ያለህ!» የሚለው ጩኸታቸው በካፖርት ጨርቅና በስፖንጅ አልፎ እስኪደርስ የድመት ማዛጋት ሆኗል። ዳቦ ቤት የምትሠራው ሚስቱ ለምሳ እስክትመጣ ድረስ መኪናው ዘይት ሲጠጣ ዋለ።

«እናቴስ?» አለች።

«ተኝተዋል መሰለኝ። ዛሬ አንዴም አልሰደቡኝም።»

በሩ ከውጭ ተከፈተ። አማቱ አልጋቸው ጫፍ ላይ፣ የተነቀለውን እጀታ እንደ በትረ መንግሥት ይዘው ተቀምጠዋል።

«ቅዳሜ ልጄ ይምጣና ይውሰደኝ» አሉ። «እዚያም ቢዘጋብኝ የወለድኩት ዘጋብኝ እላለሁ።»

ልጃቸው በያጅ ነው። ከዓመታት ጀምሮ «እናቴን ስጡኝ» እያለ ሲለምን እሺ ያላሉት እርሳቸው ነበሩ፤ አሁን ስልክ ደውለው «መኪናህን ይዘህ ና» አሉት።

ያድግበታል መጀመሪያ ነገሩን በቁልፍ ቀዳዳ ለካው። ቀዳዳ የሚዘመዝም ሌላ ሰው አይጠፋም ብሎ ራሱን አጽናና። ከሰዓት በኋላ ግን አማቱ በራቸውን ገርበብ አድርገው ሻንጣ ሲያሰናዱ፣ አንድ የሸሚዝ መስመር ሆን ብሎ አጣሞ ሰፋና እንዲታያቸው ከፍ አድርጎ ያዘው። ጠበቀ። አሳለ። ከውስጥ ምንም አልመጣም። እኒህ ሴትዮ ከሄዱ በዚህ ቤት «መስመርህ ጠሟል» የሚለው ሰው እንደማይኖር ያን ጊዜ ገባው፤ ሸሚዙንም ቀስ ብሎ ጭኑ ላይ አወረደ። አዋጁ የወጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቅዳሜ ሳይደርስ አዲስ እጀታ፣ ከውስጥም ከውጭም የሚከፍት!

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች ሚስቱ።

የድሮውን ብረት በሜትሩ ለካና ብረታ ብረት ወደሚሸጥበት መደብር ሄደ። ባለ ሱቁ ደንበኛን እንደ በደለኛ የሚያይ፣ ሚስማር እንኳ ሲሸጥ «ለምንህ ነው?» ብሎ የሚመረምር ሰው ነው። ያድግበታል እጀታ መረጠ፤ ከዚያ ሜትሩን ዘረጋ።

«መሃሉ ላይ የሚያልፈው ብረት ይህን ያህል ይሁንልኝ።»

ባለ ሱቁ ሜትሩን አየ፣ ሰውየውን አየ። «ይህማ ለምሽግ ነው። የድሮው ብረትህ ስንት ነበር?»

«ከዚህ በሁለት ጣት ያንሳል።»

«ታዲያ ሁለቷ ጣት ምን ልትሆን ገባች?»

«ትርፍ ናታ።»

«ወንድሜ፣ በር አያድግም!»

«አይታወቅም» አለ ያድግበታል። «ረዥሙን ማሳጠር ቀላል ነው፤ አጭሩን ማን ያስረዝመዋል?»

ባለ ሱቁ መከራከሩን ትቶ መሰላል ላይ ወጣና ለትልልቅ መዝጊያ የተቀመጠ አቧራ የለበሰ ብረት አወረደለት። እንዲህ ያለውን ሰው ከመመለስ መሰላል መውጣት ይሻላል።

እጀታው ተገዝቶ ግን የክር ሣጥን ላይ ተቀመጠ፤ ካቻቪቴ ጠፋ። የስፌት መኪናው ትንሿ ካቻቪቴ ከተሰወረች ቆይታለች። ያድግበታል ሚስቱን ጠርጥሮ ነበር፤ ደንበኞቹን ጠርጥሮ ነበር፤ የጎረቤትን ድመት ሳይቀር በክፉ ዓይን ያያት ነበር። በመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ከጎረቤት ትልቅ ካቻቪቴ ተዋሰና አሮጌውን ነገር ነቅሎ ጣለው፤ ሪባኑን ግን ኪሱ ከተተ። አዲሱን የውስጥ እጀታ ለአማቱ አቀበላቸው።

«ይህን ይያዙልኝ፣ እማማ።»

«እይዝልሃለሁ። እስከዚያው የመንገድ ልብሴን ልልበስ» አሉና በሩን ገፋ አደረጉት። ቀጭ! ተዘጋ።

ይኸኔ ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። በያጁ ገባ፤ ትከሻው ብቻ የክፍሉን ግማሽ ሞላው። ይህ ሰው የዓለም ችግር ሁሉ ብረት በማነሱ የመጣ ነው ብሎ ያምናል።

«እናቴስ?»

«ውስጥ ናቸው» አለ ያድግበታል።

«ጥራታ።»

«ተዘግቶባቸዋል።»

«ደግሞ?!» በያጁ በሩን በመዳፉ ጎሸመው። «መቁረጫዬ መኪና ውስጥ አለ፤ አሁን እገነጥለዋለሁ። ከዚያ የብረት በር እሠራላችኋለሁ፣ መድፍ የማይበሳው!» ዓይኑ አዲሱ ብረት ላይ ሲያርፍ ሳቁ አመለጠው። «ይህ ደግሞ ምንድነው? የአጥር ብረት ነው?»

«ትርፍ አለው።»

«ወዲህ በለው፣ ልቁረጠው።»

ያድግበታል ብረቱን ከጀርባው ደበቀ። «በዚህ ቤት ሳይሞከር የተቆረጠ ነገር የለም!»

«የእኔ ካፖርትስ?» አለች ሚስቱ።

«ካፖርቱን አታንሺብኝ አልኩሽ እኮ!»

ብረቱን ከውጭው እጀታ ጋር አያይዞ ቀዳዳው ውስጥ ከተተው። ከውጭ ቢጠመዝዘው በሩ ወዲያው ይከፈት ነበር፤ የበያጁ እጅም ወደዚያው ተዘረጋ። ግን ከውስጥ፣ ከስፖንጁ ወዲያ፣ ድምፅ መጣ።

«ማንም እንዳይነካው!»

ሁሉም ቀጥ አሉ።

«አፋችሁን ዝጉና ስሙኝ። እናንተ ከከፈታችሁልኝ ሻንጣዬን ይዤ እሄዳለሁ። እኔ ራሴ ከከፈትኩት ግን እቀራለሁ። በቃ!»

«እማዬ፣ የምን ውርርድ ነው?» አለ በያጁ።

«ዝም በል! አንተ አማች፣ ግፋው።»

ያድግበታል ገፋ።

«ወጣልዎ?»

«ወጣ።»

«ስንት ወጣ?»

«ሁለት ጣት» አሉ አማቱ። «እጀታው ልክክ አለ። ግን ማጥበቂያ ብሎን አለው፣ ይሽከረከራል።»

ያድግበታል ግንባሩን በሩ ላይ ደገፈ። በእጁ ያለው ካቻቪቴ ትልቅ ነው፤ ያውም በወዲህ በኩል ነው። «አለቀልን» አለ። «እዚያ ካቻቪቴ የለዎትም።»

ከውስጥ አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ።

«አለኝ» አሉ አማቱ።

«ከየት?»

«ከመርፌ ሣጥኔ።»

«የመኪናዬን ካቻቪቴ?! ድመቷን እኮ…»

«ደግፈህ ያዝ ብዬሃለሁ!»

ያዘ። የብሎን ጭርጭርታ ተሰማ። ከዚያ ማንም ሳይጠመዝዘው የውጭው እጀታ በገዛ ራሱ ወደታች ወረደ፤ በሩም በሶፋ ልብሱ ግርማ እያዘገመ ተከፈተ። አማቱ የመንገድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ካቻቪቴዋን ጨብጠው ቆመዋል።

በያጁ አላመነም። ጎንበስ ብሎ በሩን መረመረ፤ ጣቱን ስፖንጁ ውስጥ ሰደደ፣ ሁለት ጣት ያህል ጠለቀ። «ቆይ ቆይ… ይህ በር ወፍሯል! የድሮው ብረት አጥሮ ጫፉ ላይ ብቻ እየነከሰ ነዋ እጀታውን የበላው!»

ሁሉም ወደ ያድግበታል ዞሩ። ወንጀለኛው ተገኘ፤ በሩን ያለበሰው፣ ብረቱን ያሳጠረው፣ አማቱን ያሳሰረው ያ ሜትር ያንጠለጠለ አንገት ነው። ልብ በሉ! ያበላሸው እጁ ነው፤ ያዳነው ልማዱ ነው፤ ዕውቀቱ በሁለቱም ጊዜ ቤት አልነበረም። ሌላ ሰው ቢሆን ያፍራል። ይህኛው ደረቱን ነፋ።

«አላልኩም? በር ያድጋል!»

«አንተ ነሃ ያሳደግኸው!» አሉ አማቱ።

በያጁ ሻንጣውን አነሣ። «እሺ፣ አሁን እንሂድ እንግዲህ።»

«የት?»

«ቤቴ ነዋ፣ እማዬ! ነዳጅ አቃጥዬ መጥቻለሁ።»

«ምሳ በልተህ ትሄዳለህ። ሻንጣውን አልጋ ሥር መልስልኝ፣ በጎኑ አታጋድመው።» ይህን ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡና በሩን ዘጉት። ከፈቱት። ዘጉት። ደግመው ከፈቱት። አዲስ ጫማ እንደተገዛላት ልጅ ሲከፍቱና ሲዘጉ ምሳው ቀረበ። ያድግበታል ሳይበላ መኪናው ላይ ተቀምጦ ያንን የመክፈትና የመዝጋት ድምፅ ያዳምጥ ነበር፤ ሚስቱ «ምን ያስቅሃል?» ብትለው «ምንም» አላት። በመጨረሻ በሩ በሰፊው ተከፍቶ ቀረ፤ ድምፃቸውም ተከትሎ መጣ።

«ያ ሸሚዝ! አጣምመህ ከፍ አድርገህ የያዝከው! አይቼዋለሁ፤ ዝም ያልኩት ስላኮረፍኩ ነው። አሁኑኑ ፍታው!»

«እሺ፣ እማማ» አለ፤ የዚያን ያህል ደስ ብሎት የፈታው ስፌት የለም።

አንተ ግን አንባቢ፣ በዚህ ምስኪን ስትስቅ ቆየህ። እስቲ ወደ ራስህ ቤት ዙር። ያቺን አንሥተህ፣ ወደ ግራ ስበህ፣ በዳሌህ ገፍተህ የምትከፍታትን በር አውቃታለሁ። እንግዳ ሲመጣ «ቆይ፣ እርሷ ብልሃት አላት» እያልክ የምትሮጥላትን። አሁን ይህን ወረቀት አስቀምጥ። ግባ። ከኋላህ ዝጋት። ሚስትህንም ሆነ አማትህን ሳትጣራ፣ ከውስጥ በኩል ሆነህ፣ በሞቴ እጀታዋን አንዴ ብቻ ያዝና…