አባቴ የመረጠው፣ እናቴ ያበረረችው አውሮፕላን

አባቴ ጡረታ በወጣ በዓመቱ አውሮፕላን እፈልጋለሁ አለ።

ያለው ለወንድሜ ነው፤ በስልክ። ወንድሜ ዱባይ ነው የሚሠራው፤ አንድ ጓደኛው ወደ አገር ቤት ሊመጣ ስለሆነ ምን እንዲልክልን እንደምንፈልግ እየጠየቀን ነበር። እናቴ ለጉልበቷ የሚስማማ ለስላሳ ጫማ አለች። እኔ ቦርሳ አልኩ። አባቴ ተራው ሲደርስ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «በሪሞት የሚበር አውሮፕላን» አለ። ወንድሜ ከት ብሎ ሲስቅ በስፒከሩ ሁላችንም ሰማነው። አባቴ አልሳቀም።

«የምሬን ነው» አለ።

የምሩን መሆኑን እኔም ያወቅሁት ያኔ ነው። ዕድሜውን ሙሉ እዚሁ ሶዶ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላም ጠዋት በድሮው ሰዓት ይነሳል፣ ጫማውን ይወለውላል፣ ኮቱን ይለብሳል፤ ከዚያ የሚሄድበት ስለሌለ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የባጃጁን መተላለፍ ያያል። እናቴም ጡረተኛ ናት፤ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች። እሷ ግን ጓሮዋ ውስጥ ስትኮተኩት ቀኑ ያጥራታል። እኔ ኦቶና ሆስፒታል አካባቢ ያለ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፤ ወጥቼ ስገባ አባቴን እዚያው ወንበር ላይ አገኘዋለሁ፤ አንጀቴን ይበላዋል።

አባቴ ልጅ እያለ ከከተማው ዳር ያለ ሣር ሜዳ ላይ ትንንሽ አውሮፕላኖች ያርፉ ነበር አሉ። አያቴ ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው፤ ልጃቸውን እጁን ይዘው አውሮፕላን ሊያሳዩት ይሄዱ ነበር። አውሮፕላኗ ከማረፏ በፊት ከብቶቹ ከሜዳው ሲባረሩ፣ ከዚያ ድምጿ ከዳሞታ ተራራ ጀርባ ሲመጣ፣ አባቴ ይህን ሲያወራ የሽማግሌ ፊቱ ይጠፋል። አውሮፕላን ውስጥ ግን አንድም ቀን ገብቶ አያውቅም።

የመምረጡ ነገር ቀላል መስሎን ነበር። አባቴ ከሥራ ስመለስ ስልኬን እየወሰደ ፎቶ ያያል። አንድ ቀን «ይኼን!» ብሎ አሳየኝ። ግራጫ የጦር አውሮፕላን ነው፤ ክንፎቹ ከሆዱ ሥር የወጡ፣ አፍንጫው ላይ የሻርክ ጥርስ የተሳለበት። እኔም አማረኝ። ፎቶውን ለወንድሜ ላክሁለት።

ወንድሜ በማግስቱ ደወለ። አብሮት የሚሠራ አንድ ሕንዳዊ አርብ አርብ በረሃ እየወጣ እንዲህ ዓይነት አውሮፕላን ያበርራል፤ እሱን ጠይቆት ነበር።

«አባዬ፣ ያንን ጥርሳሙን እርሳው ብሎሃል» አለ። «እሱ ፈጣን ነው፤ ለጀማሪ አይሆንም። ክንፉ ከላይ የሆነ ይሁን አለ። ክንፉ ከላይ ሲሆን አካሉ ከሥር ስለሚንጠለጠል፣ ቢያዘነብል እንኳ በራሱ ይቃናል። ከፎም የተሠራ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ፤ የሚሽከረከረው ውልብልቢቱም ከኋላ ይሁን፣ በአፍንጫው ሲተከል እንዳይሰበር። ካሜራ ደግሞ እንዳይኖረው፤ ጉምሩክ ላይ ጣጣ ነው።»

የላከልን ፎቶ ላይ ያለችው አውሮፕላን ነጭ ናት፤ የክንፎቿ ጫፍ ብርቱካናማ፣ ሆዷ ደልደል ያለ።

አባቴ መነጽሩን ከፍ ዝቅ አድርጎ አያት። «ይቺ ዳክዬ ናት» አለ። «እኔ የሕፃን መጫወቻ መቼ ጠየቅሁ?»

ኩርፊያው ቀናት ፈጀ። በመጨረሻ እኔ ጀማሪዎች የጦር አውሮፕላን ሲያበርሩ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ፈልጌ አጠገቡ ተቀመጥሁ። የመጀመሪያዋ ተነሳች፣ ተገለበጠች፣ ብትንትኗ ወጣ። «ይኼ ሰውዬ ጎበዝ አይደለም» አለ አባቴ። ሁለተኛዋ ዛፍ ላይ ተሰካች። «ይኼም አይደለም።»

እናቴ ከወዲያ ጎዳሬ እየላጠች ነበር። ቀና ብላ አየችው።

«አንተስ ጎበዝ መሆንህን በምን አወቅህ?»

አባቴ «ሌላ ክፈቺ» አለኝ።

«እኔ አንደኛ ክፍል ለገቡ ልጆች እስክሪብቶ ሰጥቼ አላውቅም» አለች ቢላዋዋን ሳታቆም። «እርሳስ ነው የምሰጣቸው። ይሳሳታሉ፣ ያጠፋሉ፣ እንደገና ይጽፋሉ። አንተም መጣልህ አይቀርም። ወድቃ የምትነሳዋን ምረጥ።»

አባቴ ስልኩን ተቀበለኝና ነጯን እንደገና አያት። «ላክ በይው» አለኝ።

ካርቶኑ በደረሰ ዕለት እንደዚያ ሲስቅ ያየሁት መቼ እንደሆነ አላስታውስም። ክንፏን ገጥመን እንደጨረስን በእጁ ከራሱ በላይ ይዟት ከሳሎን ጓዳ፣ ከጓዳ ሳሎን ይመላለስ ጀመር። መመሪያውን እኔ እያነበብሁ እተረጉምለታለሁ፤ እሱ የግራው ዘንግ ለጉልበት፣ የቀኙ ለመታጠፍ እያለ በቃሉ ይይዛል። ሰው እንዳይደነግጥ ብሎ ቀበሌ ሄዶ ሁሉ አስታወቀ። «ፎቶ ታነሳለች?» አሉት። አታነሳም። «እንግዲያው ከከተማ ወጣ ብላችሁ ተጫወቱ» ብለው ሸኙት። ተጫወቱ መባሉ ትንሽ ከንክኖት ነበር።

ሜዳውን ያገኘችው እናቴ ናት። የተወለደችው ቦምቤ አጠገብ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ እዚያው ያርሳል፤ ከቤቱ ጀርባ ከብት የሚሰማራበት ሰፊ ሣር አለው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣን ሚኒባስ ተሳፈርን። አባቴ ካርቶኑን ታቅፎ ተቀመጠ፤ ቴሌቪዥን ነው ወይ ብለው ለጠየቁት ተሳፋሪዎች ሁሉ ሳይሰለች አስረዳቸው።

አጎቴ ከብቶቹን ወደ ዳር ነዳልን። ነፋስ አልነበረም። እኔ አውሮፕላኗን ይዤ ቆምሁ፤ አባቴ ሪሞቱን ይዞ ራሱን ነቀነቀልኝ። ወረወርኳት።

ተነሳች። ግን ከተነሳችበት ቅጽበት ጀምሮ ክንፎቿ ብርድ እንደያዘው ሰው ይርገፈገፋሉ። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ተንገዳግዳ እንሰቱ መሃል ገባች። ዘወር ብዬ አባቴን ሳይ አውራ ጣቶቹ ገና ዘንጎቹ ላይ ናቸው፤ ይንቀጠቀጣሉ። እጁ ስኒ ሲይዝ ትንሽ እንደሚንቀጠቀጥ አይቼ ነበር፤ ዕድሜ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። እነዚያ ቀጫጭን ዘንጎች ግን የጣቱን እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ለክንፎቹ ይነግሩበት ነበር።

አፍንጫዋ ተሰንጥቆ ነበር። ማስቲሽ ፎም ያቀልጣል ተብለን ስለነበር ከአናጢ ኮላ ለምነን አጣበቅናት። በሚቀጥለው እሁድ ተመልሰን ሄድን። አባቴ ክርኑን ከጎኑ ጥብቅ አድርጎ፣ ትንፋሹን ይዞ ሞከረ። ባሰበት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትወድቅ ሪሞቱን ቀስ አድርጎ ሣሩ ላይ አስቀመጠና ሄዶ ሜዳው ዳር ካለው ዋንዛ ሥር ተቀመጠ። ኮቱን አስተካከለ። አጎቴ ከብቶቹን ማየት ጀመረ።

እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ሪሞቱን አነሳች።

«ስትወረውሪ ከፍ አድርጊ» አለችኝ።

እኔ ግን ከመንቀሳቀሴ በፊት አባቴ ከዋንዛው ሥር ተነስቶ መጣ። አውሮፕላኗን ከእጄ ወሰደ። ማንንም አላየም። ጥቂት ተንደርድሮ ወረወራት።

ቀጥ ብላ ሄደች። እናቴ ጣቶቿን ያንቀሳቀሰች አትመስልም። አውሮፕላኗ ከእንሰቱ በላይ ከፍ አለች፣ በሰፊው ታጠፈች፣ ፀሐይ ክንፏ ላይ አረፈ። ችግር የመጣው ወደ እኛ ስትመለስ ነው፤ አውሮፕላኑ ፊቱን ወደሚያበርረው ሰው ሲያዞር ግራና ቀኙ ይገለበጣል፤ አባቴም ለመጨረሻ ጊዜ የጣላት እዚያ ላይ ነበር። እናቴ ምን አደረገች? ጀርባዋን ሰጠቻት። ዞራ ቆመችና በትከሻዋ በኩል ወደ ኋላ እያየች አመጣቻት፤ እንዲያ ሲሆን የእሷም ግራ የአውሮፕላኗም ግራ አንድ ነው።

አጎቴ አማርኛ ሲናገር ወንድና ሴት ይቀላቀሉበታል። ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ፣ «እህቴ ያበርራል! አያችሁ? እህቴ ያበርራል!» እያለ ይጮሃል። ከዚያ አማርኛው አልበቃው ብሎ ወደ ወላይትኛው ገባ፤ «ሎኦ! ሎኦ!» ጎሽ፣ ግሩም ነው ማለቱ ነው። አባቴ ደግሞ ኮቱ እየተንዘላዘለ ከአውሮፕላኗ ሥር ይሮጣል፤ «ዛፉን! ዛፉን ተጠንቀቂ! አሁን ዝቅ!»

ሣሩ ላይ በሆዷ ተንሸራትታ ቆመች።

ወደ ሶዶ ስንመለስ አባቴ መንገዱን ሙሉ በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲያይ ነበር። የተከፋ መስሎኝ እኔም እናቴም እሱን እያየን መጣን። ከሚኒባሱ ወርደን ባጃጅ ስንጠብቅ ድንገት፣ «ወደ ነፋሱ ነበር መወርወር የነበረብኝ» አለ። «በሚቀጥለው እሁድ ወደ ነፋሱ ነው።»

ከዚያ በኋላ እሁዶቻችን ተለወጡ። ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ ባትሪዎቹን ቻርጅ ያደርጋል። እሁድ ጠዋት በረንዳው ላይ ቆሞ ዳሞታን ያያል፤ ደመናው ጫፉ ላይ ከሮጠ አንሄድም፣ ረግቶ ከተቀመጠ እንሄዳለን። እሱ ይወረውራል፣ እሷ ታበርራለች። ሲከራከሩ የነበረው ክርክር! «ቀድመሽ ታጠፍሽ።» «አንተ አጣምመህ ወረወርክ።» እኔ ሣሩ ላይ ጋደም ብዬ የአጎቴ ሚስት የቀቀለችልኝን በቆሎ እየበላሁ አዳምጣቸዋለሁ። በሥራ ዘመናቸው እንዲህ ሲነጋገሩ ሰምቻቸው አላውቅም፤ ሁለቱም ደክመው ነበር ወደ ቤት የሚገቡት።

ከሁሉ የማይረሳኝ ዝናብ ያባራበት አንድ ከሰዓት ነው። ቅጠል አይነቃነቅም። አውሮፕላኗ አየር ላይ እያለች እናቴ፣ «ና፣ ያዝ» አለችው። «ተይኝ» አለ። «ና ስልህ!» አለች በአስተማሪ ድምፅዋ። ቀረበና ሪሞቱን ያዘ፤ እሷ ከኋላው ቆማ ጣቶቿን ጣቶቹ ላይ አደረገች። አውሮፕላኗ መጀመሪያ ርገፍ አለች፣ ከዚያ ረጋች። ሜዳውን ሁለቴ ዞረችው። ማን ያበርራት እንደነበር አላውቅም። አባቴ አፉን ከፍቶ ሽቅብ ያያል፤ ያንን የልጅነቱን ሜዳ ሲያወራ የሚኖረውን ፊት ይዟል። አጎቴ እንኳ አልጮኸም።

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። የእጁ ነገር ወደ እግሩ ወረደ፤ ሰው ሳይደግፈው መራመድ ሲያቅተው ወደ ቦምቤ መሄዱም ቀረ። በክረምት አረፈ። ቤቱ ለቀስተኛ ሲጎርፍበት አንዲት ጎረቤታችን አውሮፕላኗን ከሳሎን አንስታ ቁም ሣጥን ላይ አኖረችልን። እዚያው ቀረች። ወንድሜ ለቀብሩ መጥቶ ሲመለስ ለእናቴ አዲስ ልላክልሽ ብሏት ነበር። «ለምኔ?» አለችው።

ሙት ዓመቱ ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስገባ እናቴ ወንበር ላይ ቆማ ወደ ቁም ሣጥኑ አናት ስትንጠራራ አገኘኋት። ጮኽሁባት፤ ጉልበቷን አውቀዋለሁ።

«ከጮኽሽ ራስሽ አውርጂያት» አለችኝ። «አቧራ ጠጥታለች።»

በማግስቱ ሄድን። አጎቴ ከሜዳው ግማሹን በቆሎ ዘርቶበታል፤ የቀረው ግን ይበቃል። ባትሪዎቹ ደክመው ስለነበር ብዙ አትቆይም ብለን ነበር። እኔ ወረወርሁ። አጣምሜ ወረወርሁና አፍንጫዋ ሣሩ ላይ ተተከለ። እናቴ ሳቋን መያዝ ቸገራት፤ ሳቁ ወደ እንባ ሲሄድ አየሁት፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። «ድገሚ» አለች።

ሁለተኛው ውርወራ ተሳካ። አንድ ጊዜ ብቻ ዞረች፤ ከዚያ እናቴ ሪሞቱን ዘረጋችልኝ። አልችልም ብል አልሰማችኝም። «ጣትሽን አታስጨንቂው» እያለች አጠገቤ ቆመች። እስከ በቆሎው ድረስ ወሰድኳት፤ ስመልሳት ግራና ቀኙ ጠፋብኝና በቆሎው ውስጥ ጣልኳት። አጎቴ እየሳቀ ገብቶ አወጣት። ያጣበቅነው አፍንጫ አልተላቀቀም፤ አንደኛው ብርቱካናማ ጫፍ ግን ተገንጥሏል።

ከዚያ ቤት ገብተን በላን። ስንመለስ ሚኒባሱ ሞልቶ ስለነበር ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ። መንገድ ላይ ካለችው አረካ ሳንደርስ እናቴ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ጣቶቿ ከነጠላዋ ሥር ወጥተው ጉልበቷ ላይ አርፈዋል። ሶዶ እስክንገባ አልቀሰቀስኳትም።